ከስክሪኑ የሚወጣው የጭነት መኪና

ቢሮ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ቢጠፋ አይገርምም፤ ሁሉም የሚጠሯት «አሥር ጣት» ብለው ነው። አሥሩንም ጣቶቿን ኪቦርድ ላይ አሰማርታ፣ ዓይኗን መስኮት ላይ ተክላ፣ አፏን ለወሬ ከፍታ፣ አንድ ገጽ ጥርት አድርጋ የምታወጣ ሴት ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ሆና ሠርታለች። የኪራይ ውል በሉት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በሉት፣ ቃለ ጉባኤ በሉት፣ በእሷ እጅ ያላለፈ ወረቀት የለም። አንድ ጉድለት ግን አለባት፤ የጻፈችውን አታነብም። እጇ ይጽፋል፣ ልቧ ገበያ ይወርዳል። የራሷን የዕድገት ደብዳቤ በገዛ እጇ ጽፋ ለፊርማ ካስገባች በኋላ፣ ሰዎች «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሏት «ለምኑ?» ብላ የጠየቀች ሰው ናት።

ባሏ ሾፌር ነው። «ነበር» ልበል ይሆን? አይ፣ ነው እንበል፤ እሷም «ነበር» የሚላትን ሰው ዓይኑን አታይም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳቢ የጭነት መኪና ነድቷል። ሲጋቡ «እኛ እኮ ሁለታችንም የመኪና ሰዎች ነን፤ እሷ የጽሕፈቱን፣ እኔ የጭነቱን» ብሎ ሠርገኛውን አስቆ ነበር። ጥሩ ቀልድ ነው፣ አይካድም። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው የገባ እንግዳ ሁሉ ይህችን ቀልድ ሳይሰማ ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ማለዳ ይህ ሰውዬ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ መነሳት አቃተው። ስትሮክ ነው ተባለ። እግሩ በሁለት ወር ተመለሰ። ምላሱም ተመለሰ፤ «ምላሱስ ጨምሮ ነው የመጣው» ትላለች ሚስቱ። ቀኝ እጁ ግን አልመለስ አለ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጠፉ። መጨበጥ ይችላል፣ መጫን ይችላል፤ የጨበጠውን መልቀቅ፣ የተጫነውን ጣት ማንሳት ግን ወፍ የለም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቀልድ የማታውቅ፣ ግን ልቧ ደግ የሆነ ሴት ናት። «አባባ፣ እጅዎ የሚሰማን አሁን ነው» አለችው። «እነዚህን ወራት ካላሠሩት መታጠፉን ይለምደዋል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት።» አንድ የስፖንጅ ኳስና አንድ እፍኝ የልብስ መቆንጠጫ ሰጥታ ሸኘችው። እሱ ቤት ሲገባ ኳሱንም መቆንጠጫውንም መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ዘጋው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች አሥር ጣት።

«ኳስ ስጨምቅ ልዋል? ደግሞ ልብስ አስጪ ነኝ እንዴ እኔ?»

«ለእጅህ እኮ ነው!»

«እጄን ለእኔ ተይው።»

እሷ እንዴት ትተወው? ጉዳዩ የእጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ገዷት! ሰውዬው ራሱ እየተዘጋ ነበር። ሸሚዙን ስትቆልፍለት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የሥራ ጓደኞቹ ሲደውሉ «ተኝቷል በያቸው» ይላል፣ ዓይኑ እንደ ፋና እየበራ። ያ ሁሉ ቀልድ፣ ያ ሁሉ ተረብ፣ ቀስ በቀስ እየደረቀ ሄደ። «ይህ እጅ ካልተከፈተ ሰውዬውም ተዘግቶ ይቀርብኛል» ብላ ፈራች። ፍርሃቷ ይኸው ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሠራችው ሥራ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

በዚያው ሰሞን ከሥልጠና ክፍል አንድ መመሪያ ለጽሕፈት መጣላት። ለጀማሪዎች የተዘጋጀ፣ ቀላል የኮምፒውተር ጌም እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ፣ ስልሳ አራት ገጽ። እንደ ልማዷ ዓይኗን መስኮት ላይ ተክላ እጇን ለቀቀችው። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቀጥ አለ። «ተጫዋቹ በአንድ ጣት ብቻ ቁልፉን በመጫንና በመልቀቅ» ይላል ወረቀቱ። በመጫንና በመልቀቅ! መለሰችና አነበበችው። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማንበብ ያዘች። የኪቦርዱ ድምፅ ሲጠፋ አለቃዋ ከውስጥ ክፍል ወጥተው «መብራት ሄደ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

የመመሪያውን አንድ ትርፍ ቅጂ አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የቢሮ ወረቀት ነው፤ ይቅር ይበላት።

ኮምፒውተሩን ያገኘላት ሽቦ ነው። ሽቦ የቢሮው የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት ከሥራውም ከቁመናውም ነው። ከአገልግሎት የተወገደ አንድ አሮጌ ማሽን አስፈቅዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ቤቷ ድረስ ተሸክሞ መጣ።

«እትዬ፣ እውነት ጌም ሊሠሩ ነው? በዚህ ዕድሜ?»

«አንተ ገመዱን ሰካ። ዕድሜውን ለእኔ ተወው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። መጻፉማ ለእሷ ምን ዳገት አለው፤ መጻፍ እንጀራዋ ነው። ችግሩ ማንበቡ ነው። አንዲት ነጥብ ስትሳሳት ማሽኑ አኩርፎ ቁጭ ይላል። እሷም ታኮርፋለች። ከዚያ ሁለቱም ይታረቁና ይቀጥላሉ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ከሥሩ ሁለት ጥቋቁር ክቦች አሉት። ባሏን ጠርታ አሳየችው።

«ምንድን ነው ይሄ? ሳሙና ነው?» አለ።

«የጭነት መኪና ነው እንጂ!»

ጎንበስ ብሎ አየው። «ተሳቢውስ?»

ወይ ጉድ! ተሳቢውን ረስታለች። የዚያን ዕለት ተሳቢ ሠርታ ቀጠለችለት። ርዝመቱ ሁሉ ተደምሮ ዘጠና ነጥብ ሆነ፤ ስክሪን ላይ ርዝመት የሚለካው በነጥብ ነው። መንገዱ፣ ማለት ስክሪኑ፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ስምንት መቶ ነጥብ ነው። መንገዱ ላይ ሣጥኖች አሉ፤ መኪናው ሄዶ ሲነካቸው ይጫናሉ፣ በቦታቸው ሌላ ይተካል፣ ቁጥርም ይመዘገባል። መኪናው ሲሄድ እንደ ሞተር እንዲያንጎራጉር ያደረገላት ሽቦ ነው።

«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ሞክርልኝ፤ በቀኝህ» አለችው።

እየተነጫነጨ ተቀመጠ። የቀኝ እጁን በግራው አንስቶ፣ ጠቋሚ ጣቱን ወደ ቀኝ የምታመለክተው ቁልፍ ላይ አሳርፎ ተጫነ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። የሰውዬው ቅንድብም ተንቀሳቀሰ። መኪናው ሄደ፣ ሄደ፣ ሣጥን ጫነ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ከዚያም ጠፋ። ሞተሩ ያንጎራጉራል፣ መኪና የለም።

«የት ገባ?»

«ወጣ መሰለኝ።»

«ወዴት?»

ከስክሪኑ ግርጌ መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሺህ አምስት መቶ ይላል። ጣቱ አልነሳለት ስላለ ቁጥሩ ይሮጣል፤ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ። «ይኸኔ ጎረቤት ግቢ ገብቷል» አለች፣ ልታስቀው ብላ። አልሳቀም። የቀኝ ጣቱን በግራ እጁ ፈልቅቆ አነሳና ብድግ አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ አንድ ቀን ከመንገድ ወጥቼ አላውቅም! ዛሬ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሚስቴ መኪና ገደል ልግባ?» ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ያን ቀን ዳግመኛ አልወጣም።

በማግሥቱ ሽቦን ሻይ ክፍል ውስጥ ያዘችው። ሽቦ ዳቦውን እየገመጠ አስረዳት። «እትዬ፣ ኮምፒውተር ስክሪኑ የት እንደሚያልቅ ደንታም የለው። እሱ ቁጥር ይቆጥራል። እዚህ ላይ ቁም ካላሉት እስከ ዕለተ ምጽአት ይቆጥራል። ወሰን ያብጁለት።»

«ወሰን? ኅዳግ ነዋ የምትለኝ!» አለች አሥር ጣት፣ ጠረጴዛውን መትታ። ሙያዋን የተማረችው በድሮው የብረት የጽሕፈት መኪና ነው። እዚያ ላይ በግራና በቀኝ ኅዳግ የሚይዙ ሁለት መቆለፊያዎች አሉ፤ ፊደሉ ኅዳጉ ጋ ሲደርስ መኪናው ቀጥ ይላል፣ ብትደበድበው አያልፍም። ማታ ቤቷ እንደገባች ጻፈችው፤ ቁጥሩ ከስምንት መቶ ከበለጠ ስምንት መቶ ላይ መልሰው፣ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ ላይ መልሰው። አለቀ። ልቧ እንዴት እንዳበጠ አትጠይቁኝ።

ባሏን ለምና፣ ተቆጥታ፣ እንደገና ለምና አስቀመጠችው። በግራ በኩል ሞከሩት፤ መኪናው ጫፉ ላይ ግድግዳ እንዳገኘው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አላልኩህም!» አለች። በቀኝ በኩል ሞከሩት። መኪናው ሄደ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ቁጥሩ ስምንት መቶ ላይ ቆሟል። ትእዛዟን አክብሯል። መኪናው ግን የለም።

አሥር ጣት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው። የተሳሳተ ፊደል የለም፤ እሷ ፊደል አትሳሳትም። ተናዳ ማሽኑን ልታጠፋው ስትል ባሏ እጇን ያዘ።

«ቆይ እስቲ። ይሄ ስምንት መቶ የምትይው የመኪናው የቱ ጋ ነው?»

«የመኪናው ነዋ።»

«የመኪናው የቱ? ግንባሩ ነው? ወገቡ ነው? ጭራው ነው?»

መመሪያውን ገለጠች። ቁጥሩ የሚለካው ከግራ ጥጉ ነው ይላል። መኪናው ወደ ቀኝ ሲሄድ የግራ ጥጉ ጭራው ነው።

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። በእነዚህ ወራት እንደዚያ ስቆ አያውቅም። «ከጭራው ለክተሽ ግንባሩን ገደል ከተትሽው! አንቺ እኮ የለመድሽው ፊደል ነው። ፊደል ተሳቢ አይጎትትም። መኪና ግን ርዝመት አለው እመቤቴ! አዲስ ረዳት ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ኋላ ቆሞ 'ሂድ፣ ሂድ፣ ቦታ አለ' ይልሃል፣ አንተ ፊት ለፊት ግንብ ትገጫለህ። ዘጠና ነው አይደል ርዝመቱ? ከስምንት መቶው ዘጠናውን ቀንሺለት።»

ቀነሰች። ሰባት መቶ አሥር። መኪናው ሄደ፣ ግንባሩ የስክሪኑን ጫፍ ነካ፣ ቆመ። ሙሉው መኪና፣ ከነተሳቢው፣ ዓይናቸው ፊት። «እሰይ!» አለ ሾፌሩ። ያን ዕለት ስልኩን ራሱ አንስቶ ለአንድ የድሮ ባልደረባው ደወለና ሚስቱን እንዴት መኪና ማቆም እንዳስተማራት ለግማሽ ሰዓት አወራለት። እሷ ወጥ ቤት ሆና ትሰማ ነበር። አስተማርኳት ይበል፤ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በገዛ እግሩ መሄድ ጀመረ። እሷ ቢሮ ስትውል እሱ ይነዳል። «አንቺ ባለሽበት ታስቂኛለሽ፣ ብቻዬን ይሻለኛል» አላት፤ ምን ከፋት። ከሥራ ስትመለስ ቁጥሩን ታያለች። አንድ ቀን ስድስት ሣጥን። ሌላ ቀን አሥራ አምስት። ከዚያ አርባ። ከዚያ ሰባ ሦስት! ቢሮ ውስጥ ያልሰማ የለም። የጥበቃው ሠራተኛ ሳይቀር ጠዋት ጠዋት «ትናንት ስንት ጫኑ?» ይላታል። ሽቦ ራሱ ሞክሮት «እኔም ሰባ ሦስት አልሞላልኝም» አለ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አሥር ጣት ለባለሙያዋ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ሰባ ሦስት ደርሷል!» አለቻት። ከዚያ ጌሙን፣ ተሳቢውን፣ ኅዳጉን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረከችላት። ባለሙያዋ ሁሉንም ሰምታ የሰውዬውን ቀኝ እጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«እስቲ አባባ፣ ይህን ጣት ያንሱልኝ።»

ጣቱ አልተነሳም። ሁለተኛም አልተነሳም። ባለሙያዋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋች፣ ለቀቀች፤ ተመልሰው ታጠፉ። «ለውጥ የለም» አለች በዝግታ። «እንዲያውም ትንሽ ጠንክሯል።»

«ኧረ እንዴት ሆኖ! በየቀኑ እኮ ነው የሚሠራው! ሰባ ሦስት እኮ ነው የምልሽ!»

ባለሙያዋ ወደ ሰውዬው ዞረች። «በየትኛው እጅዎ ነው አባባ?»

ሰውዬው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ለመልስ ከዚያ በላይ አላስፈለገም። ባለሙያዋ ሳትቆጣ፣ ሳታባብልም፣ አንድ ወር እንዳላቸው ነገረቻቸው። በወሩ ጣቱ ትንሽም ቢሆን በራሱ ካልተነሳ እጁ በመደገፊያ ተዘርግቶ ይታሰራል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ባይጠብቁ ይሻላል።

 ቤት ገብተው በሩ ሲዘጋ አሥር ጣት ፈነዳች። «ዓይንህን በጨው አጥበህ በግራ እጅህ ስትጫወት ከርመህ! እኔ ሞኟ አገር ምድሩን ሰባ ሦስት፣ ሰባ ሦስት እያልኩ ሳደነቁር!»

«ግራውም የእኔው እጅ ነው» አለ፤ ሊቀልድ ብሎ። ፊቷን ሲያይ ተወው። ወንበር ላይ ቁጭ አለና ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«በቀኜ ሞክሬያለሁ» አለ። «የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቀኜ ነበር። ስጫነው ይሄዳል። ጣቴ አይነሳም። መኪናው ይሄድና ያ ግድግዳሽ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ያጓራል፣ መሄድ የለም። እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ምን ያህል እንዳየሁት አላውቅም። እኔን ነው የሚመስለው። በቃ፣ አሳፈረኝ። ግራዬን አነሳሁና በእሱ ነዳሁት።»

 ልትሳደብ የከፈተችውን አፏን ዘጋች። ሄዳ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፤ በሽንኩርት ቢሳበብ ይሻላል ብላ ነው።

ሁለት ቀን ቢሮ ውስጥ ፊደል ስትሳሳት ዋለች። አሥር ጣት ፊደል ስትሳሳት! አለቃዋ ወረቀቱን ይዘው ወጥተው «ታመሻል እንዴ?» አሏት። ሽቦ ነገሩን ሲሰማ መፍትሔ አመጣ። «ቀላል ነው እትዬ፤ የግራ እጅ እንዳይሠራበት ቁልፎቹን እናዛውራቸው። እንዝጋበት።»

«እስካሁን የተዘጋበት አይበቃም?» ብላ ጮኸችበት። ምስኪኑ ሽቦ ደንግጦ ሻዩን አፈሰሰ። እሷ ግን የጮኸችው በእሱ ላይ ብቻ አልነበረም። ያንን ግድግዳ ያቆመችው ማን ሆነና? እሷ ናት፣ በሁለት መስመር፣ ልቧ አብጦ። ጣቱን ማንሳት ለማይችል ሰው ግድግዳ ሠርታ «ንዳ» አለችው።

ምሳ ሰዓት ላይ መመሪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። አርባ አንደኛው ገጽ። ይህን ገጽ ከዘጠነኛው በኋላ በጥድፊያ አልፋው ነበር። ተጫዋቹን በወሰን ውስጥ ማቆያ ሌላ መንገድም አለ ይላል፤ ማስቆም ብቻ አይደለም፣ በቀኝ የወጣ በግራ እንዲገባ ማድረግም ይቻላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። እዚያው ቁጭ እንዳለች፣ ምሳዋ ሳይከፈት፣ ግማሹን በእርሳስ ጽፋ ጨረሰች።

አሁን ጭራውን አልረሳችም። መኪናው ጭራው ጭምር ስምንት መቶን ሲያልፍ ብቻ ነው የሚዞረው። ሲመለስ ደግሞ ከዜሮ ቢጀምር ድንገት እንደ ጋኔን ዱብ ይላል፤ ስለዚህ ከዜሮ ወዲያ ዘጠና ነጥብ ወደ ኋላ አስቀመጠችው፣ ግንባሩ ቀድሞ ቀስ ብሎ እንዲገባ። አንድ ሕግም ጨመረች። መኪናው ሣጥኑን ነክቶ ቢያልፍ አይጫንም፤ ሣጥኑ ጋ መቆም አለበት። እየሄደ ጭነት የሚጭን ሾፌር የት አገር አለ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጠራችው።

«ምነው፣ ግራ እጄን ልታስሪው ነው?» አለ ከበሩ ላይ።

«አልነካህም። ግራህን ያዘው፣ ተወው፣ ራስህ ታውቃለህ። እኔ ዘበኛ አይደለሁም።»

ትንሽ አያትና ተቀመጠ። ግራ እጁን ራሱ ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠበት። በቀኙ ተጫነ። መኪናው ሄደ፣ ሣጥኑን አለፈ፣ ጫፍ ደረሰ። ፊቱ ጨለም አለ። ግንባሩ ወጣ፣ ወገቡ ወጣ፣ ተሳቢው ወጣ። ከዚያ በወዲያኛው በኩል፣ በግራ፣ ቀይ ግንባር ብቅ አለ።

«ኧረ!»

«ምን አየህ?»

«ዞረ እኮ! ዞሮ መጣ!» መኪናው ተሳቢውን እየጎተተ ገባ፣ ሣጥኑን ደግሞ አለፈ። «ሣጥኑን አለፍኩት።»

«አየሁ።»

«ግድ የለም፣ ስዞር አገኘዋለሁ።»

ጣቱ እንደተጫነ ነው። መኪናው ግን አልቆመም፤ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ይገባል። ያን ቀን ሰውዬው ስንት ዙር እንደነዳ እንጃ፤ እሷ ልብስ አጥባ፣ አስጥታ፣ ስትመለስ እዚያው ነበር። ማታ ቁጥሩን አየች። ዜሮ። በማግሥቱም ዜሮ። ሳምንቱን ሙሉ ዜሮ። ዜሮ እንዲህ ልብ ያሞቃል ብላ አስባ አታውቅም፤ ግራ እጅ ቢገባበትማ ኖሮ ሣጥኑ የመጀመሪያውን ቀን ነበር የሚጫነው። ጥበቃው «ስንት ጫኑ?» ሲላት «ምንም!» ትለዋለች፣ እየሳቀች። ጥበቃው ጤናዋን ተጠራጠረ።

ሳምንት ሳምንትን ሲወልድ ግን ሳቋ እየቀነሰ ሄደ። ሁለተኛው ሳምንት ዜሮ። ሦስተኛውም ዜሮ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ጠዋት ሸሚዙን ስትቆልፍለት ሁለቱም ጣሪያ ማየት ጀመሩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ ይነዳል፣ እሷ ከጀርባው ሆና የማክሰኞውን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ሞተሩ ያንጎራጉራል፤ ጆሮዋ ስለለመደው መስማቱን ትቶታል። አንድ ጊዜ ግን ቤቱ ጭር አለባት። ካውያውን እንደያዘች ዞረች። መኪናው መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። ሣጥኑ ጋ አይደለም፣ አልፎታል። ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ጣቱን አየች። ጠቋሚ ጣቱ ከቁልፉ በላይ፣ አንዲት የስንዴ ቅንጣት በምታህል ከፍታ፣ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል። ግራ እጁ ጭኑ ሥር ነው።

ጣቱ ወደቀ። መኪናው ሄደ።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት?» አለ፣ ሳይዞር።

«አንተ ነህ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን።»

«አንተ ነህ አልኩህ!»

ካውያውን ነቅላ መጥታ ከጎኑ ቆመች። መኪናው ወጣ፣ ገባ። ሣጥኑ እየቀረበ መጣ። የሰውዬው ግንባር ላብ ያዘው፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። አለፈው። ደግሞ ዞረ። አለፈው። ደግሞ ዞረ። ግንባሩ ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ። ሞተሩ ዝም አለ። ሣጥኑ ተሳቢው ላይ ወጣ። ከግርጌ ያለው ዜሮ አንድ ሆነ።

አሥር ጣት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እዬዬ ብላ አለቀሰች። ጎረቤት ከሰማም ይስማ።

«ምን ታለቅሻለሽ አንቺ ሴት? ተሳቢው ገና አልሞላም። ሌላው ሣጥን የታለ?»

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። መንገዱ ባዶ ነው። ያኔ ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ በእርሳስ ስትጽፍ የድሮዎቹን ሣጥኖች አንስታ ያስቀመጠችው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ሁለተኛ ሣጥን እንደሚያስፈልግ አላሰበችም። እውነቱ ይውጣ ከተባለ፣ አንዷም ትጫናለች ብላ አላመነችም ነበር፤ ይህን እስከዛሬ ለራሷም አልነገረችም።

«ተነሳልኝ» አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አሥሩንም ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋች። «ስንት ሣጥን ላድርገው? አምስት? አሥር?»

«አትቁጠሪ» አላት፣ ቀኝ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ። «ዝም ብለሽ ጨምሪ። ማቆሙን ለእኔ ተይው።»